የአሮጌዋ መኪና ጢስ

የዚህች መጽሔት አዘጋጆች ለመንገደኛ የሚጠቅም አንድ ነገር እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ወደ ልቤ የመጣው የአንዲት አሮጌ መኪና ነገር ነው። መነኩሴ ስለ ሞተርና ስለ ጢስ ማውጫ ሲጽፍ ሊያስገርማችሁ ይችላል። እኔም በልጅነቴ በጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ዕድሜዬ አምሳ ካለፈ በኋላ በዐረብ አገር ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የካርቡራተርን ትርጓሜ እማራለሁ ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ጋራዥ የተማርሁት የራሴን ጥፋት የሚመለከት ስለ ሆነ፥ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሳልዋ ከኩዌት ዋና ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በባሕሩ ዳር ያለች፥ በሐወሊ ግዛት የምትቈጠር የመኖሪያ ሠፈር ናት። ቤቶቿ ባለ ደርብና በግንብ የታጠሩ ናቸው፤ ከግንቡም ውስጥ በብዙዎቹ ከአገራችን የሄዱ ሴቶች ልጆች ልብስ ያጥባሉ፥ ምግብ ያበስላሉ፥ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። በዚያ አገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆነ፥ ፈቃድ የሚያገኙት እኅቶች ለጸሎት የሚሰበሰቡት ዓርብ ነው። እኔ እነርሱን ለማገልገል ተልኬ በነበርሁበት ዘመን፥ ማኅበሩ በሳልዋ አንድ አነስተኛ ቤት ተከራይቶ ነበር። አሠሪዋ ያሰናበታት፥ የታመመች፥ ወይም ወደ አገሯ ለመመለስ ትኬት የምትጠባበቅ እኅት ታርፍበት ነበር።

ይህ ቤት አንዲት መኪና ነበረችው። የአገሩ ሰዎች «ዋኔት» የሚሏት፥ እኛ ፒካፕ የምንላት፥ ከፊት ባለ ሁለት ጋቢና፥ ከኋላ ክፍት የዕቃ መጫኛ ያላት፥ በ1994 የተሠራች ናት። ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ኖራ፥ ሌላ ሰው አልፈልግም ባለ ጊዜ ወደ እኛ ደረሰች። ዱቄትና ሽንኩርት ታመጣለች፤ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ታደርሳለች፤ ዓርብ ማታ ደግሞ ከጸሎት የወጡትን እኅቶች በጋቢናዋ አሳፍራ በሳልዋ፥ በሩመይሲያና በባያን ወዳሉት የአሠሪዎቻቸው ደጆች ታዳርሳለች። ልጆቹ የመግቢያ ሰዓት አላቸው፤ አንዲቱ ብትዘገይ በሚቀጥለው ዓርብ ፈቃድ ላታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ይህች መኪና ብትቆም ብዙዎች ከጸሎትም ከወገንም ጋር መገናኘታቸው ይቀር ነበር።

ነገሩ የሆነው በጾመ ነቢያት ወራት ነው። የኩዌት በጋ የበረታ እንደ ሆነ ሁላችሁ ሰምታችኋል፤ ሚጥሪባ በተባለው ስፍራ በሐምሌ ወር 2016 የተለካው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ደርሶ፥ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ሆኖአል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከበረሃው የሚመጣውም ነፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ እኅቶች ዓርብ ማታ ወደ መኪናይቱ ሲገቡ መስኮቱን ሁሉ ይዘጉ ነበር።

በዚያ ወራት ከእነርሱ አንዳንዶቹ እየመጡ፥ «አባ፥ ዓርብ ማታ ራሴን ይወጋኛል፤ ያቅለሸልሸኛል፤ ጕልበቴም ይከዳኛል» ይሉኝ ጀመር። እኔም ሳልመረምር፥ «የጾም ነው፥ ልጄ፤ ታገሺ፤ ዋጋሽ አይጠፋም» እያልሁ ባርኬ እሰዳቸው ነበር። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሠርተው የሚጾሙ ስለ ሆኑ፥ መልሴ ለእኔም ለእነርሱም እውነት ይመስል ነበር። አንዲቱማ በጾሟ እንዳጕረመረመች ቈጥራ ንስሐ ልትገባ መጣች፤ እኔም ተቀበልኋት። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

በዚያው ሰሞን የመኪናዋ የመንገድ ፈቃድ የሚታደስበት ቀን ደረሰ። በዚያ አገር የቈየ መኪና ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት በቴክኒክ ምርመራ ያልፋል፤ ዐረቦቹ «ፈሕስ» ይሉታል፤ በአገራችን ቦሎ ለማውጣት እንደሚደረገው ያለ ነው። ፍሬኑ፥ ጎማው፥ መብራቱ፥ መስታወቱ ይታያል፤ ጢሱም ይታያል። ኩዌት በ2014 ባወጣችው በቍጥር 42 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፥ ከተፈቀደው ልክ ያለፈ ጢስ የሚያወጣ መኪና መንዳት ክልክል ነው። የእኛ መኪና ፍሬኗ አለፈ፤ ጎማዋ አለፈ፤ መብራቷም አለፈ። ጢሷ ግን አላለፈም። መርማሪው ወረቀቱን ለሹፌራችን በትሕትና ሰጥቶ፥ ከኋላ ጥቍር ጢስ የሚተፋውን ቱቦ በጣቱ አሳየውና «አስተካክላችሁ ተመለሱ» ብሎ ሰደደው።

ሹፌራችን መልካም ሰው ነው፤ በዚያ አገር ብዙ ዓመት ኖሮ የነገሩን መውጫና መግቢያ ያውቃል። ሐሙስ ማታ ወደ እኔ መጥቶ እንዲህ አለ፤ «አባ፥ አይጨነቁ። አንድ ባለ ጋራዥ አግኝቻለሁ፤ 15 ዲናር ብቻ ነው የሚያስከፍለን። ለምርመራው ቀን የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ቤንዚኑን ያቀጥንልናል፤ አልፋ ስትመጣ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ሌላው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

እውነቱን ልናገርና፥ ነገሩ ደስ አሰኘኝ። በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ የነበረው ገንዘብ ከ100 ዲናር ጥቂት ከፍ የሚል ነበር፤ እርሱም ታማ በቤታችን ለተኛች አንዲት እኅት ትኬት የታሰበ ነው። መኪናዋን በሙሉ ላሠራ ብል ገንዘቡ ያልቃል፤ ፈቃዷን ሳላሳድስ ብተዋት ልጆቹን የሚያደርሳቸው የለም። ስለዚህ በልቤ፥ «ይህ ለድኾች ጥቅም የሚደረግ ስለ ሆነ ማታለል አይባልም» ብዬ ራሴን አሳመንሁ። አባቶቻችን ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን ሳያድር በዚያው ማታ ቀለለልኝ። «እንግዲያውስ ቅዳሜ ጧት ውሰዳት» አልሁት።

በማግሥቱ ዓርብ ማታ ግን አንድ ነገር ሆነ። ዘወትር ከጸሎት በኋላ እኔ በእግሬ ነበር የምመለስ፤ የዚያን ቀን ግን እግሬን ስላመመኝ ከእኅቶች ጋር በመኪናይቱ ገባሁ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። የመንገድ መብራት እስኪለቅና ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ እስኪደረስ፥ ሞተሩ እየሠራ ብዙ ጊዜ ቆምን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግንባሬን እንደ ገመድ የሚያስር ሕመም ያዘኝ፤ ዐይኔም ፈዘዘ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ራሷን በመስታወቱ ላይ ጥላ ዝም ብላለች።

እኔ ከአርባ ዓመት በላይ ጾሜአለሁ። የጾም ራስ ምታት እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን እርሱ አልነበረም። በባያን አንድ ደጅ ላይ ቆመን በሩ ሁሉ በተከፈተ ጊዜ፥ ያች ልጅ ወርዳ በቀዝቃዛው አየር ጥቂት እንደ ቆየች ነፍሷ ተመለሰ፤ የእኔም ሕመም እየላላ ሄደ። ጾም በር ሲከፈት የሚለቅ ሕመም አያመጣም። ያን ጊዜ ከብዙ ዘመን በፊት የሆነ አንድ ነገር ትዝ አለኝና፥ ሹፌሩን «መስኮቱን ሁሉ ክፈት፤ እስከ ቤት ድረስ እንዳትዘጋው» አልሁት።

ትዝ ያለኝ ነገር ይህ ነው። በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ በክረምት ብርድ በበረታበት አንድ ሌሊት፥ ሦስት የቆሎ ተማሪዎች በአንዲት ጎጆ ተኝተን ነበር። ጎጆይቱ አዲስ በጭቃ ተለስና ነበርና ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበራትም። በተሰበረ እንስራ ገል ላይ የእንጨት ፍም ይዘን ገብተን በሩን ዘጋን። ጢስ አልነበረውም፤ ፍሙ እንደ ወርቅ ቀልቶ ደስ ይል ነበር። እኔ ታናሻቸው ስለ ነበርሁ፥ ከበሩ ሥር ብርድ በሚገባበት ስፍራ አስተኙኝ። በማለዳ ራሴን እየወጋኝ ነቃሁ፤ ሁለተኛው በብዙ ጥሪ ነቃ፤ ሦስተኛው አልነቃም። መንደሩ ሁሉ መንፈስ መታው አለ፤ ጠበል ይረጭ፥ ጎጆውም ይፍረስ ተባለ። የኔታ ግን ገሉን በበትራቸው ገልብጠው፥ «የማይታየው ጢስ ነው የገደለው። ከእንግዲህ ፍም ይዛችሁ በር አትዝጉ» አሉን። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

እኔ ይህን የመሰለ ትምህርት በሕፃንነቴ ተምሬ ሳለሁ፥ በሳልዋ ግን ልጆቼን «የጾም ነው» ስል ከረምሁ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሕመሙ ያልሆነ ስም ሰጥቼ ሸፍኜዋለሁ፤ ቅዳሜ ጧት ደግሞ በ15 ዲናር ለመንግሥት ልሸፍነው ተስማምቻለሁ። ለአንድ ቀን የጠበቀው ብሎን በማግሥቱ ተመልሶ ይላላል፤ ልጆቹም በሚቀጥለው ዓርብ መስኮት ዘግተው ይሄዳሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ተረት ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ለራሴ ስናገረው ግን ያ ሌሊት የመጀመሪያው ነበር።

ሲነጋ ሹፌሩን ይዤ፥ መስኮቱን እንደ ከፈትን፥ ከተማውን አቋርጠን ሹዌይክ ወደሚባለው የኢንዱስትሪ ሠፈር ሄድን። በዚያ ጋራዥ ከጋራዥ ጋር ተያይዞ፥ የመለዋወጫ ሱቅ ከሱቅ ጋር ተጋጥሞ ይታያል። ሰዎች ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መሩን። እርሱ ከሕንድ አገር ከኬራላ የመጣ፥ የእኅት ቤተ ክርስቲያናችን የማላንካራ ኦርቶዶክስ ልጅ ነበርና፥ ልብሴን አይቶ በአገሩ ቋንቋ ካህናትን በሚጠሩበት ስም «አቸን» ብሎ ተቀበለኝ። በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ቍርጥራጭ ተግባባን። የልጆቹን ራስ ምታት በነገርሁት ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ «አቸን፥ ምርመራውን ለጊዜው እንተወው፤ አስቀድሞ ይህን እንይ» አለ።

ከሁሉ በፊት የጋዝ መለኪያውን ዘንግ ወደ ጢስ ማውጫው አስገባ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ልክ በመቶ 7 ከፍ ብሎ ታየ። በዚህች ዘመን ለተሠሩ፥ የጢስ ማጣሪያ ለሌላቸው የቤንዚን መኪናዎች በአውሮፓ የተወሰነው ልክ በመቶ 3.5 እንደ ሆነ፥ የእኛይቱ የዚያን እጥፍ እንደምታወጣ ነገረኝ። ቀጥሎ መኪናዋ እስክትበርድ ጠብቆ እንደ ገና አስነሣትና፥ የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ደፈነው። ያን ጊዜ ከሞተሩ አጠገብ እንደ እባብ የሚያፍዋጭ ድምፅ ተሰማ። ጢሱ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ቱቦው በሚገባበት መገጣጠሚያ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ነበር፤ ቱቦውም ከጋቢናው ወለል በታች በዝገት ተበልቶ ነበር። የወለሉ ጎማ ሲነሣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘን። የልጆቹ «ጾም» ይገባ የነበረው በዚያ ነው።

ይህ ጋዝ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልግለጽላችሁ። አንድ ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ካነሰ ቤንዚኑ ገሚሱ ብቻ ይቃጠላል፤ ከፊሉ ጥቀርሻ ይሆናል፥ ከፊሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ጥቀርሻው በዐይን ይታያል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ደም በገባ ጊዜ፥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ስፍራ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል። አስቀድሞ ራስ ምታት፥ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም፥ በመጨረሻም እንቅልፍ ይመጣል። ከፍም የሚወጣውም ከመኪና የሚወጣውም አንድ ነው። የኔታ «የማይታየው ጢስ» ያሉት ይህ ነው።

መካኒኩ የጢስን መልክ ማንበብም አስተማረኝ። ጥቍር ጢስ ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል፤ ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ደግሞ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል። የእኛይቱ ጥቍር ነበረ። ካንዴላዎቹን ባወጣቸው ጊዜ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቍረው ተገኙ። የአየር ፊልትሮውን ባራገፈው ጊዜ፥ ኩዌቶች «ቶዝ» የሚሉት የበረሃ አቧራ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ይህ ሁሉ ግን ዋናውን ምክንያት አላሳየንም።

ዋናው ምክንያት ተሰውሮ የኖረ የአንድ ሰው ደግነት ነበር። ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ፥ በበጋ ሙቀት ሞተሩ እንዳይፈላ ብሎ፥ የውኃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አስወጥቶታል። በአገራችንም ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ቴርሞስታቱ ሥራው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ መያዝ ነው። እርሱ ከሌለ ውኃው ሁልጊዜ ስለሚዞር፥ በብርድ ወራት ሞተሩ መሞቅ የሚገባውን ያህል አይሞቅም። በዚህች መኪና ደግሞ ለብርድ ጊዜ አየሩን አጥብቦ ቤንዚኑን የሚያበዛው ቾክ የሚከፈተው በዚያው በሞቀው ውኃ ኀይል ነው። ውኃው ካልሞቀ ቾኩ በሙሉ አይከፈትም፤ መኪናዋ ታኅሣሥን ሙሉ ገና አሁን እንደ ተነሣች ሆና ቤንዚን ስትጠጣ ትውላለች። ስለ በጋ የታሰበው መድኃኒት በክረምት መርዝ ሆነ ማለት ነው።

«ታዲያ ሌሎቹ መኪናዎች ስለ ምን እንዲህ አያጤሱም?» ብዬ ጠየቅሁት። መካኒኩም የአዲሶቹን መኪናዎች የጢስ ማጣሪያ ከግድግዳ አውርዶ አሳየኝ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው፤ በላዩም ፕላቲነም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ የከበሩ ብረቶች በስሱ ተቀብተውበታል። ሲሞቅ መርዙን ወደማይጎዳ ጋዝ ይለውጠዋል። የዚህን ነገር ታሪክ ኋላ አንብቤ እንዳገኘሁት፥ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ዐይን የሚያቃጥለው ጉም ከመኪና ጢስና ከፀሐይ ብርሃን የሚወለድ መሆኑን ሃገን ስሚት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስረዳ፤ በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የመኪና ፋብሪካዎችን ግድ አለ፤ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች በዚህ ማጣሪያ ይወጡ ጀመር። ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ማጣሪያውን ስለሚያበላሸውና ራሱም ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ስለ ሆነ፥ እርሱም እየቀረ ሄደ። ኢትዮጵያ በ2004 እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተወች፤ በዓለም ላይ የመጨረሻይቱ አገር አልጄሪያ በ2021 ተወችው።

የእኛይቱ አሮጊት ግን ይህ ማጣሪያ ኖሮባት አያውቅም። መካኒኩ፥ «ከኋላ የሚያጥብላት ስለሌለ፥ ከውስጥ በንጽሕና ማቃጠል አለባት» አለኝ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ቴርሞስታት ተገዝቶ ገባ፤ ቾኩ ተፈትቶ ታጠበ፤ ፊልትሮውና አራቱ ካንዴላዎች ተለወጡ፤ ጓርኒሲዮኑ ታደሰ፤ የተበላው ቱቦ ተቈርጦ በአዲስ ተተካ፤ የጋቢናው ወለል ተበየደ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ መካኒኩ ያን የሚኒሞ ብሎን ነካው፤ መለኪያውን እያየ፥ ሞተሩ በእኩል ድምፅ እስኪሠራ ድረስ ቀስ እያለ አዞረው። ይህ ያው ለአንድ ቀን ሊጠብቅልን የነበረው ብሎን ነው። የሚነካው መጨረሻ ላይ መሆኑን፥ በፊት ቢነካ ግን በሽታውን ከመሸፈን በቀር ምንም እንደማይረዳ በዐይኔ አየሁ።

መካኒኩ ይህን ሲሠራ ስለ ራሱ ጥቂት ነገረኝ። በ1990 ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ሌሎች ሕንዶች ወደ አገሩ ሸሽቶ፥ በ1991 ተመለሰ። ያን ጊዜ ከ600 በላይ የሚሆኑ የነዳጅ ጕድጓዶች በእሳት ተያይዘው ነበር፤ የመጨረሻው የጠፋው በዚያው ዓመት ኅዳር 6 ቀን ነው። «በቀትር መብራት አብርተን እንነዳ ነበር፤ ያን ጊዜ ጢሱን የማያይ ሰው አልነበረም» አለና ወደ ጋቢናው ወለል አመለከተ፤ «እኔ የምፈራው የማያዩትን ነው።»

ዋጋው 82 ዲናር ሆነ፤ መካኒኩም የእጁን ዋጋ በእኩሌታ ቀንሶልን ነው። የታመመችው እኅት ትኬት ዐሥር ቀን ዘገየ። ሄጄ ይህን ስነግራት ልታዝን ትችላለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርስዋ ግን፥ «አባ፥ እኔም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የምሄደው በእርስዋው አይደለም እንዴ? በሕይወት ልድረስ እንጂ ይዘግይ» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን።

መኪናዋ ወደ ምርመራ ተመለሰች። በመካኒኩ መለኪያ ጋዙ በመቶ ከ2 ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር፤ ጥቍሩም ጢስ ጠፍቶ ነበር። መርማሪው ወረቀቱን ማኅተም አድርጎ ለሹፌራችን ሰጠው፤ በዚያ ስፍራ ያየው ነገር ሁሉ እውነት ነበረ።

ለእኔ ግን ሌላ ምርመራ ቀርቶኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ከጸሎት በኋላ እኅቶችን አስቀምጬ፥ «ልጆቼ፥ ስለ ራስ ምታታችሁ የነገርኋችሁ ስሕተት ነው። የጾም አልነበረም፤ የመኪናችን መርዝ ነበር። ሳልመረምር ስለ ተናገርሁ ይቅር በሉኝ» አልኋቸው። ዝም አሉ። ኋላ ያች ንስሐ የገባችው ልጅ፥ «አባ፥ እንግዲያስ ያ ንስሐዬ እንዴት ይሆናል?» አለች። እኔም፥ «ያንቺ ለእኔ ይቈጠርልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና» አልኋት። እርስዋም ፈገግ ብላ፥ «ዋናው ነገር መስኮቱ ይከፈት» አለች። ከዚያ ወዲህ ከእነርሱ አንዲቱ ሕመም ስትነግረኝ፥ ምን እንደ ሆነ ከመናገሬ በፊት የት እንደ ነበረች፥ ምን እንደ በላች፥ ከእርስዋ ሌላ ማን እንዲህ እንደ ተሰማው እጠይቃለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍሁላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ ብዙዎች ወደዚህ ማረፊያ የምትመጡት በአሮጌ መኪና ተሣፍራችሁ ነው። አገራችን ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የገቡት ግን ገና ብዙ ዘመን ይሠራሉ። የመኪና ምርመራም በ2010 በወጣው በቍጥር 681 አዋጅ የታዘዘ ነው። ደጋው አገራችን ደግሞ ለካርቡራተር መኪና የራሱ ፈተና አለው፤ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ በባሕር ዳር ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሣሣ ስለ ሆነ፥ በቆላ የተስተካከለ ሞተር በደጋ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያጤሳልም። ስለዚህ መኪና ያላችሁ ሰዎች፥ ቦሎውን ለማግኘት ብቻ ሳይሆን የምታሳፍሩትን ሰው አስባችሁ አስመርምሩ። ቴርሞስታቱን አታስወጡት። የወለሉን ጎማ አንሥታችሁ ዝገቱን እዩ። ተሳፋሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፥ መኪናውን አቁማችሁ በሩን ክፈቱ፤ ታማሚውንም ወደ ንጹሕ አየር አውጥታችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

በዚህ ማረፊያ ቤት ለምታድሩትም አንድ ልመና አለኝ። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ከሰልም ከበሩ አጠገብ ይሸጣል። ቡናችሁን ከውጭ አፍሉ፤ ፍም ይዛችሁ ወደ መኝታ ክፍል አትግቡ፤ በሩንም አትዝጉበት። ብርድ ለበሰለት ሰው ያልፋል። ይህ ምክር የእኔ አይደለም፤ ገሉን በበትራቸው የገለበጡት የየኔታ ነው። እኔ ዘግይቼ የተማርሁትን እናንተ በጊዜው እንድትማሩት ብዬ አስተላለፍሁላችሁ። ጕዞአችሁን እግዚአብሔር ያቅናላችሁ።